ስርጉዷን እንዳትነኩ

ጋሽ ምትኩ ማረፋቸውን ልጃቸው ደውላ ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ስልኩን ዘጋሁ፣ የፎቶ ኮፒ ማሽኔን አጠፋሁ፣ ደንበኞቼን «ዛሬ የለም፣ ሂዱልኝ» ብዬ አሰናበትኩና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱ ሰውዬ ደንግጦ መታወቂያውን ማሽኑ ውስጥ ረስቶ ሄደ። እንባው በኋላ መጥቷል፤ ንዴቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቀብሩ ላይ ደግሞ ባሰብኝ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ፍሰሐ ናቸው። «ናቸው» የምለው አስተዳደጌ ሆኖብኝ ነው እንጂ ያን ቀን «አንተ» ብላቸው ደስታዬ ነበር። ጥቁር ኮታቸውን ግጥም አድርገው፣ ድምፃቸውን ሰበር አድርገው፣ «ጋሽ ምትኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠሩ ሕዝባቸውን ያገለገሉ ባለሙያ ነበሩ» አሉ። እስከዚህ ደህና። ቀጠሉና «በጡረታ ዘመናቸውም የልጆች መጫወቻ በመሥራት ጊዜያቸውን ያሳልፉ ነበር» አሉ።

የልጆች መጫወቻ! አጠገቤ የቆሙት አቶ ቶሎሳ ክንዴን ጨበጥ ባያደርጉኝ ኖሮ እዚያው ለቀስተኛው መሀል «ውሸት ነው!» ብዬ መጮኼ አይቀርም ነበር። የተናገረውስ ማን ሆነና! የጋሽ ምትኩን ክፍል ቁልፍ የቀየሩባቸው፣ የሠሩትን ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተው ደጅ ያስጣሉባቸው እኒሁ ሰው ናቸው። ወይ ድፍረት!

እንግዲህ ጋሽ ምትኩ ምን ይሠሩ እንደነበር እኔ ልናገር። ቢያንስ አንድ ሰው በትክክል ይናገርላቸው።

ሱቄ ዓለም ባንክ ነው፤ ሚኒባሶቹ ከሚያራግፉበት ፌርማታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከእድሩ አዳራሽ ጎን። ከአምስት ዓመት በፊት ይሆናል፣ አንድ ቀጠን ረዘም ያሉ ሽማግሌ፣ ሰዓት ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት ማጉያ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ታርጋ ታትሚያለሽ?»

«የመኪና ታርጋ? እሱማ እዚህ አይደለም አባቴ፣ መንግሥት ቤት ነው።»

«የኔዋ ታርጋ የትንሿን ጣትሽን ጥፍር ነው የምታክለው» አሉ።

የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ከያዙት ፌስታል ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ባንኮኒዬ ላይ ፈቱት። ላዳ ታክሲ ነበረች። ከስንዝር ያነሰች፣ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ፣ ሁለቱም ስፖኪዮ ያላት፣ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ የተጫነላት፣ ከፊት መስታወቱ ሥር እንኳ ያቺ የላዳ ነጂዎች የሚያነጥፏት ቀይ ምንጣፍ የተዘረጋችላት። በቀኝ በኩል የኋላው በር ስርጉድ ያለ ነው። እሱን ሳይ አፌን ያዝኩ።

«እንዴ! ይቺማ የጋሽ ተሰማ ላዳ ናት!»

«አወቅሻት?» አሉ ጋሽ ምትኩ። ፊታቸው በራ።

እንዴት አላውቃት! ጋሽ ተሰማ የሰፈራችን ባለ ታክሲ ነበሩ። ምጥ የያዛት፣ ልጇ ያተኮሰባት፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያላት፣ ማን ያልተሳፈረባት አለ? እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ የሄድኩት በዚያች በተሰረጎደች በር ገብቼ ነው። ጋሽ ተሰማ በየጉድጓዱ ላይ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲሉኝ፣ ለኔ ይሁን ለመኪናዋ ሳልለይ ደረስን። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ላዳዋን አርባቸው ሳይወጣ ለብረታ ብረት ገዢዎች ሸጣት። እዚያው ግቢያቸው በር ላይ ቆራርጠው በጋሪ ጫኗት። ያ ልጅ ማን መሰላችሁ? አቶ ፍሰሐ ናቸው። ዛሬ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው፤ የባለ ታክሲ ልጅ መባሉ ብዙም አይጥማቸውም።

ጋሽ ምትኩ ደግሞ የጋሽ ተሰማ ጎረቤትና የልብ ጓደኛ ነበሩ። ጡረታ እንደወጡ መርካቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሄደው አንድ የተቦጫጨቀ ካርቶን አገኙ። ውስጡ ሰው እየገጣጠመ የሚሠራት ትንሽ አውሮፕላን በክፍል በክፍሏ ተፈታታ ተቀምጣለች። ክንፏን በጥፍራቸው ጫር አደረጉና ሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን ጥርስና ድድ የሠሩበት ዓይነት፣ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሳይ ሬዚን ነው። «ለካስ ድድ ስሠራ የኖርኩት አውሮፕላን መሥራት እየቻልኩ ነው!» እያሉ ለአገሩ ሁሉ አወሩ። አውሮፕላኗን ሠርተው ሲጨርሱ ግን ቅር አላቸው። «በዚች ላይ ከሰፈራችን ማን ተሳፍሮባታል? የተሳፈርንባትን ነው መሥራት» አሉ።

ከዚያ በየእሑዱ በልብስ ሰፊ ሜትር የጓደኛቸውን ላዳ መለካት ያዙ። ጋሽ ተሰማ በር ላይ ቆመው «ምትኩ፣ ሱፍ ልታሰፋላት ነው?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር አሉ። የለኩትን እያንዳንዱን ለሃያ አራት እያካፈሉ ደብተር ሞሉ። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ከዚያች ላዳ ላይ አንዲት ብሎን እንኳ በዚህ ምድር ላይ አልቀረችም ነበር። ከዚያ ደብተር ተነሥተው መጀመሪያ አንዷን በእጃቸው ቀረጹ፣ ከሷ ላይ የሲሊኮን ፎርማ አወጡ፣ ፎርማው ውስጥ ሬዚን እያፈሰሱ በክፍል በክፍሏ ያወጧት ጀመር። አካሏ፣ ወለሏ፣ ወንበሮቿ፣ ጎማዎቿ፣ መሪዋ። ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከተው ጀማሪ የሆነ ሰው እንዲገጣጥማት ይሰጣሉ። ከነስርጉዷ።

የቀድሞው የእድሩ ሰብሳቢ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ድንኳንና አግዳሚ ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ፈቀዱላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሆነን እዚያ እንሰበሰባለን። እኔ ታርጋ አታሚ ሆኜ ገብቼ ተማሪ ሆኜ ቀረሁ። አቶ ቶሎሳ ድሮ ራሳቸው ላዳ ይነዱ የነበሩ፣ አሁን የባንክ ጥበቃ ናቸው። ከኛ ውስጥ «መጫወቻ» ለመሥራት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። አቶ ቶሎሳ የመጀመሪያዋን ላዳ ጨርሰው የራሳቸውን የድሮ ታርጋ ከኋላዋ ሲለጥፉባት ቆባቸውን አውልቀው ነበር፤ ያን ያየ ሰው ያንን ቃል ከአፉ አያወጣም።

የጋሽ ምትኩ ትምህርት የሚጀምረው በባኞ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። «መጀመሪያ እጠቡ!» ይላሉ። ሬዚኑ ከፎርማው ቶሎ እንዲላቀቅ ፎርማው ቅባት ይቀባል፤ ያ ቅባት ክፍሎቹ ላይ ይቀራል፣ በዓይን አይታይም፣ ቀለም ግን አያስይዝም። እኔ ይኼን ስሰማ በሆዴ «አሁን ይኼ ምኑ ነው የሚታጠበው፣ ንጹሕ አይደለም እንዴ» ብዬ ዘለልኩት። ቤቴ ወስጄ ገጣጥሜ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀብቼ፣ ኩራቴን አትጠይቁኝ። በሳምንቱ ለማሳየት ሳነሣት ሰማያዊው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እጄ ላይ ቀረ። ጋሽ ምትኩ አዩኝ። ባኞውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደኔ አመጡትና የጥርስ ብሩሹን ሰጡኝ።

«ሰናይትዬ፣ ሰፋ አድርገሽ ክፈቺ» አሉኝ፣ ጥርስ የሚለኩበት ጊዜ ትዝ ብሏቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። በንዴት ጥርሴን ነክሼ ያቺን ላዳ እስከ ጎማዋ አጠብኳት።

ሁለተኛው ነገር አቧራ ነው። ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲሞረድ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ውኃ ውስጥ ነክረን እንድንሞርድ፣ አፍና አፍንጫችንን እንድንሸፍን ያስገድዱናል። እሳቸው ራሳቸው ግን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በደረቁ ሲሞርዱ ነው የኖሩት። ይሠሩበት የነበረው ቤት አቧራ የሚስብ ማሽን እንዲያስገባ በየዓመቱ ሲጠይቁ በየዓመቱ «የሚቀጥለው በጀት» ተብለው ጡረታ ወጡ። ሳል ይዞ የወጣ ጡረተኛ! እኔ ስበሳጭላቸው እሳቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው የተሞረደውን ክፍል ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ያስጠጉታል። ልስላሴውን የሚፈትኑት እንደዚያ ነው። «ጣቴ አርጅቷል፤ ከንፈሬ ግን ገና ነው» ይላሉ።

ሦስተኛው ነገር ያቺ ስርጉድ ናት። ማንም ጀማሪ፣ ማንም፣ ያቺን በር ሲያይ እጁ ወደ ስቱኮ ይሄዳል። ሬዚን ሲፈስ አንዳንዴ አየር ይይዝና ቀዳዳ ይተዋል፤ እሱን በስቱኮ ሞልተን መሞረድ ተምረናል፤ ስለዚህ ስርጉዷም የፎርማው ስሕተት ትመስለናለች። አቶ ቶሎሳ የመጀመሪያ ቀን ቆንጆ አድርገው ደፈኗትና ሞረዷት። ላዳ ሲነዱ ጋራዥ የለመዱት ነው፤ የተጋጨ በር ሲያዩ እጃቸው ዝም አይልም። ጋሽ ምትኩ፣ እኒያ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው የማይወጣ ሰው፣ ተነሥተው ጮኹ።

«ስርጉዷን እንዳትነኩ! እንዳትነኳት አላልኩም?»

«ጋሼ፣ የተጋጨች ናት እኮ» አሉ አቶ ቶሎሳ ደንግጠው።

«አዎ ተጋጭታለች! እንደተጋጨች ነው የኖረችው! በሏ፣ አውጡልኝ ያንን!»

በመርፌ ሲፍቁ ዋሉ። ስንሄድ እኔ «ግን ማነው ያጋጫት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ማጉያቸውን ጠራረጉ። «ባለቤቱ ሲመጣ ይነገረዋል» አሉኝ። ባለቤቷ ጋሽ ተሰማ ሞተዋል፤ ሽማግሌው ተዘባረቀባቸው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አቶ ፍሰሐ የእድሩ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ስንሄድ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከበሩ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጧል። ጋሽ ምትኩ ጎንበስ ብለው ፈቱት። የሁላችንም ላዳዎች እዚያ ውስጥ ናቸው፤ በየጠረጴዛው ላይ ቀለማቸው እስኪደርቅ ትተናቸው የነበሩት። ጣሪያ ለብቻ፣ ጎማ ለብቻ፣ የተሰበረ ስፖኪዮ። ጋሽ ምትኩ የሱቄ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው በሮቹን ከበሮች፣ ጎማዎቹን ከጎማዎች እየለዩ ጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። ፎርማው ጎማ መሳይ ስለሆነ ተርፏል። «ምንም አይደለም ልጄ፣ ይጠገናል» አሉኝ።

«ምን ይጠገናል ይላሉ! ሄደው አይጮኹባቸውም?»

«በማን ላይ ልጩህ? በተሰማ ልጅ ላይ?»

እኔ ግን ሄድኩ። ጫማዬን ሳልቀይር በነጠላ ጫማ መደብራቸው ድረስ ሄድኩ። አቶ ፍሰሐ ስልክ ይዘው ነበር፤ አስጨረስኳቸው።

«ሰናይት፣ ተረጋጊ» አሉ። «የእድር ቤት ለሐዘን ነው የተሠራው። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው መጫወቻ ሲሠሩበት ሕዝቡ ምን ይላል? ደግሞ ሽታው!»

«ለምን አልነገሯቸውም? ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው በር ላይ ቆመው ከረጢት መፍታት ነበረባቸው?»

«ክፍሉ ለእድሩ ዕቃ ያስፈልጋል።»

እሺ ብዬ መጣሁ። በሳምንቱ በመስኮቱ አጮልቄ ባይ ክፍሉ ጣሪያው ድረስ በሴራሚክ ካርቶን ተሞልቷል። የሳቸው መደብር ስም ያለበት! የእድሩ ዕቃ ይኼ ሆነ! በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ለሐዘን ነው ከተባለ ሴራሚኩ ማን ሞቶበት ነው የገባው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሳቀ፣ የአቶ ፍሰሐ ፊት ቀላ፣ «ይኼ በአጀንዳ አልተያዘም» ተባለና ታለፈ። የሳቁት ሰዎች ሁሉ አብረውኝ ድምፅ ቢያወጡ ኖሮ ያን ቀን ቁልፉ ይመለስ ነበር። ሳቅ ብቻ! እሱም ያናድደኛል።

ጋሽ ምትኩ ክረምቱን ሱቄ ጥግ ላይ ሠሩ። ባኞው ደጅ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ተሽቀዳድመን እናስገባለን። ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ተነሥተው ቦታ ይለቃሉ፣ ይሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ከሰባታችን አቶ ቶሎሳና እኔ ብቻ ቀረን። የክፍሉ መዘጋት ነው የገደላቸው አልልም፤ ሐኪሙ ሳንባ ነው ብሏል። ግን ከዚያ በኋላ የኖሩትን ጊዜ በሰው ቤት ጥግ ተሸማቅቀው እንዲኖሩ ያደረጋቸው ማነው? እሱን ማንም ሐኪም አይጽፈውም።

ከተዝካሩ በኋላ ልጃቸው ጠርታኝ የሥራ ዕቃቸውን ሰጠችኝ። «አባዬ ለሷ ስጫት ብሎኛል» አለች። ፎርማው፣ ማጉያው፣ ብሩሾቹ፣ ያቺ መጀመሪያ ሱቄ ያመጧት የተጠናቀቀች ላዳ። ከሥር አንድ በላስቲክ የታሰረ ካርቶን ወጣ። ክዳኑ ላይ በእርሳስ «የፍሰሐ» ይላል። ጋሽ ምትኩ፣ ደጅ ላስጣላቸው ሰው፣ ሳሙናና ብሩሽ ሳይቀር አዘጋጅተው አስቀምጠውለታል! እውነት ለመናገር የሞተ ሰው ላይ ተናደድኩ። ካርቶኑን ወርውሬ ባንኮኒዬ ሥር ከተትኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ ፍሰሐ ሱቄ ገቡ። ኮታቸውን አልለበሱም። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ካለችው ላዳ አልነቀል አለ።

«ለቅሶ ቤት ከጋሽ ምትኩ ፎቶ አጠገብ አይቻት ነበር» አሉ። «ታርጋዋ የአባቴ ነው።»

«ነው።»

«ሽጭልኝ። የፈለግሽውን ጥሪ።»

«መጫወቻ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። አላዘንኩላቸውም። «አትሸጥም። የርስዎ እዚህ አለ» ብዬ ካርቶኑን ከሥር አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ጣል አደረግኩት። «ጋሽ ምትኩ ያስቀመጡልዎ ነው። እንደማንኛውም ጀማሪ ራስዎ ይሥሯት። ውስጡ ያለውን የመመሪያ ወረቀት ያንብቡ፣ መጀመሪያ ይጠቧት።»

በእርሳስ የተጻፈውን ስማቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ካርቶኑን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ።

በሁለተኛው ሳምንት የሠሯትን ላዳ ከነካርቶኑ ይዘው ተመለሱ። ሰማያዊው ቀለም ከበሩ ላይ ተገሽልጦ መዳፋቸው ላይ ቀርቷል። ሳላጥባት ቀብቻት ያሳፈረችኝ ላዳ ትዝ ብላኝ ልስቅ ነበር፤ ግን ቀኙን በር አየሁ። ስርጉዷ የለችም። ልስልስ ብላ በስቱኮ ተደፍናለች።

«ምን አደረጓት!» ጮኽኩ። «ስርጉዷን ደፈኗት?»

«ሰናይት…»

«አንዲት ነገር ነበረች እኮ የቀረችው! መኪናዋን ለብረት ሸጡ፣ ክፍሉን ዘጉ፣ አሁን ይቺኑም! ማን ፈቀደልዎ?»

«እኔ ነኝ ያጋጨኋት» አሉ።

የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ገና ይጮህ ነበር። አጠፋሁት። አቶ ፍሰሐ ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ሰርቄ አወጣኋት። ግቢ ሳስገባ ከምሰሶው ጋር አላተምኳት። ጠዋት አየው፣ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላ እስኪሞት አላሠራትም። ጋራዥ ያለ ጓደኛው በነፃ ልሥራልህ ሲለው እንኳ እምቢ አለ። በየቀኑ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሊያሳፍረኝ ነው የተዋት። ለዚያ ነው እሱ ሲሞት ቶሎ ያስወጣኋት፤ ዓይኔ እንዳያያት።»

እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው እንደ ቀብሩ ቀን ሰበር አላለም። ደረቅ ነበር። ንዴቴ መሀል ላይ ቀረ። ጋሽ ምትኩ «ባለቤቱ ሲመጣ ይነገረዋል» ያሉት ያኔ ትዝ አለኝ።

«ወረቀቱን አንብበዋል?» አልኳቸው።

«የቱን ወረቀት?»

ጀማሪ ሁሉ አንድ ነው፤ ወረቀቱን አያነብም። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ለሌሎቻችን የተሰጠን እኔ በማሽን ያተምኩት መመሪያ ነው፤ የሳቸው ግን በጋሽ ምትኩ እጅ የተጻፈ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ነበር። አቶ ፍሰሐ መነጽር አልያዙም። የጋሽ ምትኩን ማጉያ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አውርጄ ሰጠኋቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፤ ከዚያ ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፦

«ፍሰሐ። ከሁሉም በፊት እጠባት። ስትሞርድ ውኃ ውስጥ ይሁን፣ አፍንጫህን ሸፍን። በቀኝ በኩል የኋላው በር ላይ ያለችውን ስርጉድ እንዳትደፍናት። ለምን አታሠራትም ስለው አባትህ ምን አለኝ መሰለህ፦ ‹ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የነዳባት ቀን ናት፤ ምን ሲደረግ ነው የማጠፋት!› ይኼን በአፌ ልነግርህ መደብርህ ሁለቴ መጥቼ ነበር፤ ሥራ በዝቶብህ ሄድኩ። ቅዳሜ ና፤ አብረን እንሠራታለን።»

ፊታቸውን አላየሁም፤ ሆን ብዬ ዞርኩ። ባኞውን ከባንኮኒው ሥር ሳብኩ፣ ከፌርሙዙ ሙቅ ውኃ ጨመርኩበት፣ ሳሙና አደረግኩበት። ብሩሹንና መርፌ ሰጠኋቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ምሽት ድረስ ያን ስቱኮ ሲፍቁ ቆዩ። ሲወጡ የእድሩን ክፍል ቁልፍ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡት። «ካርቶኖቹን ነገ አስወጣለሁ» አሉ። እኔም «ዛሬ» አልኩ። በዚያው ምሽት አስወጡ።

ይቅር አላልኳቸውም። ሰው ይጠይቀኛል፣ አቶ ቶሎሳም «ተይው በቃ፣ ሰውየው ተመልሷል» ይሉኛል፤ አልቻልኩም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፣ ባኞውን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። በቀደም አንዲት አዲስ የመጣች ነርስ ስቱኮዋን በጣቷ ይዛ ወደዚያች በር ስትጠጋ፣ ከክፍሉ ጥግ የአቶ ፍሰሐ ድምፅ ጣሪያውን አናጋው፦ «ስርጉዷን እንዳትነኩ!»

ነርሷ ደንግጣ «ለምን? ማን ነው ያጋጫት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ጋሽ ምትኩ ይቀመጡባት የነበረችውን ባዶ ወንበር አየሁና እንደገና ደሜ ፈላ። ሁለት ጊዜ የሰውየው መደብር ድረስ ሄደዋል እኮ! ከሁለቱ በአንዱ ቀን «ይቀመጡ፣ ጋሽ ምትኩ» ቢባሉ ኖሮ ይቺን «እኔ ነኝ» የምትል ቃል በጆሯቸው ይሰሟት ነበር።